ሞተር ላይ

ዛሬ የምናወራው ስለ ኪንታሮት ነው። ገጹን ልትገለብጡ እጃችሁን የዘረጋችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። ይህን ወሬ ከሚሸሹት ውስጥ ብዙዎቹ ጉዳዩ በደንብ የሚመለከታቸው ናቸው። ደግሞ ወቅቱ ነው፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ሙቀት ይህ በሽታ በየቤቱ በዝምታ ይነሣል።

ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ከቀለበት መንገዱ የሚነሣው አቧራና የናፍጣ ጭስ አየሩን አክብዶታል። ረዳቱ "ዊንጌት፣ አስኮ! ሁለት ሰው፣ የሞላ!" ይላል፤ ውስጥ ያለነው አራት ነን። ሾፌሩ ግን መሪው ላይ የለም። በሩን ከፍቶ፣ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ ሰቅሎ ቆሟል። ሚኒባሱ ሲሞላ ገባ፤ መጀመሪያ በግራ ጎኑ አረፈ፣ ከንፈሩን ነከስ አደረገ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ክብደቱን አስተካከለና ማርሽ አስገባ። ወንበሩ ላይ የታጠፈ ፎጣ ተደርቧል። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ይህን ሁሉ ያያል።

"ወገብህን ነው?" አልኩት።

"ወገብ በሆነና በታደልኩ፣ ጋሼ።"

ከዚያ እስከ ዊንጌት ድረስ ሳልጠይቀው አወራኝ። ክረምት ሲሆን ይተወዋል፤ ጥር ሲወጣ ይጀምረዋል፤ መጋቢት ላይ ሌሊት ያስነሣዋል። ምክንያቱንም ያውቀዋል፤ "ሞተሩ ነው" አለኝ፣ ወንበሩን በመዳፉ እየመታ። "ስንት ዓመት ሙሉ እሳት ላይ ተቀምጬ ምን ልሁን?" የድሮው ሃይኤስ ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ እሳት ማለቱ ብዙም አልተጋነነም። የኔም መቀመጫ ሲግል ይሰማኝ ነበር።

ሾፌሩን አልተከራከርኩትም፤ መንገድ ላይ ነበርን። እናንተን ግን እከራከራለሁ። ልጅ ሳለን ፀሐይ የመታው ድንጋይ ላይ ስንቀመጥ "ተነሥ፣ ኪንታሮት ይይዝሃል" ያላለን ትልቅ ሰው አልነበረም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ያው ሰው ከቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ በዚያው ምክንያት ያስነሣናል። ድንጋዩ ቢግልም ቢቀዘቅዝም ጥፋተኛ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመው ጥናት ግን ነገሩን ከድንጋዩ አላቅቆ ወደ ሰውነታችን መልሶታል። ፊንጢጣ ውስጥ ሁላችንም ይዘናቸው የምንወለድ፣ ደም የሞላባቸው ለስላሳ ትራሶች አሉ፤ ጋዝና ፈሳሽ ሳናውቀው እንዳያመልጠን በሩን ለመዝጋት የሚያግዙ ናቸው። ኪንታሮት የሚባለው እነዚህ ትራሶች ሲያብጡ፣ ከመሠረታቸው ሲላቀቁና ወደ ታች ሲንሸራተቱ ነው። የሚያላቅቃቸው ዋናው ነገር ማማጥ ነው። ለረጅም ጊዜ መቀመጥ፣ እርግዝና፣ ከባድ ነገር ማንሣትና ዕድሜ ያግዙታል።

ታዲያ ሙቀቱ ከደሙ ነጻ ነው ማለቴ አይደለም። ሙቀት የሚጎዳን በሌላ በር ገብቶ ነው፤ በውሃ በኩል። የትልቁ አንጀት አንዱ ሥራ ከምግብ ትራፊ ውስጥ ውሃ መጭመቅ ነው። ሰውነት ውሃ ሲያጥረው አብዝቶ ይጨምቃል። ሰገራው ይደርቃል፣ ደረቁን ለማውጣት ሰው ያምጣል፣ ትራሶቹ ይወርዳሉ። ሾፌሩ ሞተሩን ይከስሳል፤ እኔ ብሆን የምከስሰው ከመሪው አጠገብ ባዶውን የሚንከባለለውን የውሃ ፕላስቲክ ነው።

የአዲስ አበባ ሙቀት ደግሞ ተንኮለኛ ነው። የአፋር ወይም የጋምቤላ ሰው ሙቀቱን ያውቀዋል፤ ላቡ ይንጠፈጠፋል፣ ውሃውን ይጠጣል። እኛ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በመጋቢት 25 እና 26 ዲግሪ ላይ ተቀምጠን "አገራችን እኮ ደጋ ነው" እንላለን። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ከመታየቱ በፊት ይተናል። ሸሚዙ አልረጠበም፣ ሰውየውም አልጠማውም፤ ሽንቱ ግን ማታ ላይ እንደ ጠላ አተላ ጠቁሯል። ሽንታችሁን እዩ፤ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ደህና ናችሁ፣ ከጠቆረ አንጀታችሁ የጎደለውን ውሃ ከሰገራው እየጨመቀ ነው።

ሾፌሩን ለምን ውሃ እንደማይጠጣ ስጠይቀው ሳቀብኝ። "ጠጥቼ የት ልሽና?" ይህ ጥያቄ የእሱ ብቻ አይደለም። አጠና ተራ አጠገብ ዣንጥላ ዘርግታ ቲማቲም የምትሸጠው ሴት ብትጠየቅ መልሷ ያው ነው፤ እቃዋን ለማን ትታ የት ትሂድ? ስለዚህ አትጠጣም። የሰገራ ስሜት ሲመጣም ትይዘዋለች፤ ሾፌሩም ተራው እስኪደርስ፣ የነዳጁ ሰልፍ እስኪያልቅ ይይዘዋል። የተያዘ ሰገራ ደግሞ በቆየ ቁጥር ውሃውን እያጣ ይጠጥራል። ሐኪም የሚሰጠውን ምክር ሁሉ በቃላችን ብናውቀውም የሕዝብ ሽንት ቤት በሌለበት ማዞሪያ ላይ ግማሹ አይሠራም። ይህን ለከተማው አስተዳደር ትቼ ለሾፌሩ ያልኩትን ልንገራችሁ፤ ከቤት ሳይወጣ ሁለት ብርጭቆ፣ ምሳ ላይ ሁለት፣ ማታ ሲገባ ደግሞ እንደገና። በየኪሎ ሜትሩ መጎንጨት ካልተቻለ ሽንት ቤት ባለበት ቦታ ቆሞ መጠጣት ይቻላል።

ይኸው ሰሞን የጾም ሰሞን መሆኑን አትርሱ። በ2017ም በ2018ም ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን ተደራርበው የካቲትና መጋቢት ላይ ነው የዋሉት። በኮልፌ አንዱ ግቢ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ጉሮሮው ደርቆ ይውላል። የጾም ምግባችን በራሱ ጠላት አይደለም። ጤፍ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ፣ ቆሎ ሁሉም አሰር የሞላባቸው ናቸው፤ ሐኪም ለኪንታሮት በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር ብሉ ሲል የሚያልመው ይህንኑ ገበታ ነው። ግን አሰር ውሃ ይፈልጋል። ውሃ ያላገኘ አሰር አንጀት ውስጥ እንደ ደረቀ ጭቃ ይቆማል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ረመዳን የያዘ ደግሞ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር የቀኑን ድርሻ ከፋፍሎ መጠጣት አለበት። አንድ ጊዜ አንድ ሊትር ገልብጦ መተኛት አይበቃም፤ አብዛኛው በሽንት ይወጣል።

ተልባን በተመለከተ እናቶቻችን ትክክል ነበሩ። ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠጣ ሰገራን ያለሰልሳል። ዱቄቱን ሳይበጠብጥ በማንኪያ ቅሞ በጉንጭ ውሃ የሚያወርደው ሰው ግን ድርቀቱን ያባብሳል።

እኔን የሚገርመኝ የፋሲካ ማግስት ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ አሰር የለመደ አንጀት በአንድ ሌሊት ዶሮ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ክትፎና ጥሬ ሥጋ ይወርድበታል። ጎመኑ ከገበታው ይሰደዳል፤ በውሃው ቦታ ድራፍት ይቀመጣል። ሙቀቱ እንዳለ ነው። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ያለውን ሳምንት አስቡት! በዓሉን ማን ይከለክላል፤ ግን ከክትፎው ጎን የሚቀርበው ጎመን ለጌጥ አይደለም፣ ብሉት። ፓፓያም ሆነ ማንጎ ከተገኘ ከሥጋው በፊት ይግባ።

በርበሬውስ? ኪንታሮት ያለበት ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር "ሚጥሚጣ ተው" የሚል ነው። ጣሊያኖች ይህን ሊፈትኑት ተነሥተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት ኪንታሮት ላለባቸው 50 ሰዎች አንዴ የቃሪያ ዱቄት፣ አንዴ ምንም የሌለበት እንክብል ሰጧቸው። በሕመማቸው ላይ ልዩነት አልታየም። ጥናቱ የአንድ ጊዜ መጠን ነው የለካው፤ የኛን ቁርስ፣ ምሳና እራት በርበሬ ማንም አልለካም። ደግሞ ኪንታሮት መስሏቸው የፊንጢጣ መሰንጠቅ የያዛቸው ብዙዎች አሉ፤ ሰገራ ሲወጡ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ሕመም ካለ እሱ ሊሆን ይችላል፣ ለዚያ ደግሞ የሚያቃጥል ነገር በእርግጥ ጠላት ነው። የኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ቢያቃጥላችሁ ቀንሱ፤ ካላቃጠላችሁ በሽሮው ላይ አትፍረዱ። ጫት ግን ሌላ ነው። ሆድ ያደርቃል፣ ለሰዓታት ያስቀምጣል፣ ምግብ ያስጠላል፤ በየመን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ከኪንታሮት ጋር በቀጥታ አያይዞታል። በሙቀት ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ የሚቅም ሰው ማታ በመቀመጫው ይከፍላል።

አሁን ወደ ሽንት ቤቱ እንግባ። በድሮው የኮልፌ ግቢ የጋራ ሽንት ቤት ላይ ማንም ከሦስት ደቂቃ በላይ አይቆይም፤ ጎረቤት በሩን ያንኳኳል፣ ካልወጣህ በስምህ ይጠራሃል። ኮንዶሚኒየም ሲገባ ግን ሰው በሩን ቆልፎ፣ ነጩ ወንበር ላይ ተደላድሎ፣ ቲክቶክ ከፍቶ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ ውስጥ 125 ሰዎችን ያጠኑ ሐኪሞች ስልክ ይዘው ሽንት ቤት የሚገቡት በኪንታሮት የመያዝ ዕድላቸው 46 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝተውታል። ስልኩ ጨረር ስላለው አይምሰላችሁ፤ ስለሚያስረሳ ነው። የወንበሩ ቀዳዳ መቀመጫን ወደ ታች አንጠልጥሎ ይይዛል፣ ደሙም እዚያው ይወርዳል። አምስት ደቂቃ ካለፈና ካልመጣ ተነሡ፤ ስሜቱ ሲመለስ ትመለሳላችሁ።

የቁጢጡ ሽንት ቤታችንም ከገመትነው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 እስራኤል ውስጥ 28 ሰዎች በሦስት ዓይነት አቀማመጥ እየተጸዳዱ ሰዓት ተያዘላቸው። ቁጢጥ ያሉት በአማካይ በ51 ሴኮንድ ጨረሱ፤ በተለመደው ወንበር ላይ የተቀመጡት 130 ሴኮንድ ፈጀባቸው። ቁጢጥ ሲባል የአንጀቱ መታጠፊያ ቀና ይላል፣ ማማጡ ይቀንሳል። ኮንዶሚኒየም ላለ ሰው መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለቡና የምትቀመጡበትን አጭር በርጩማ አምጥታችሁ እግራችሁን እላዩ ላይ አድርጉና ወደ ፊት ጎንበስ በሉ። እንግዳ ሲመጣ በርጩማውን ወደ ሳሎን መመለስ አለመመለስ የናንተ ጉዳይ ነው።

ሙቀቱ በቀጥታ የሚሠራው ክፉ ሥራ ቆዳ ላይ ነው። የሰው ሠራሽ ጨርቅ ፓንት፣ ጠባብ ጂንስ፣ የፕላስቲክ ቆዳ የለበሰ ወንበር፣ ከሥሩ ሞተር፤ ላቡ መሄጃ ያጣል፣ ቆዳው ይርሳል፣ ማሳከክ ይጀምራል። ማሳከክ ሲጀምር ሰው በሳሙና ይፈትጋል፣ አንዳንዱም ፀረ ጀርም ፈሳሽ ያፈስበታል። ቆዳው ይላጥና ይብሳል። የሾፌሩ ፎጣ እዚህ ላይ ብልህ ነው፤ ጥጥ ስለሆነ ላቡን ይመጥጣል፣ በየቀኑ እስከታጠበ ድረስ። ከሽንት ቤት በኋላ ደግሞ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በጆግ ውሃ የሚያደርጉት ነገር ሐኪሞች የሚመክሩት ራሱ ነው፤ ንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ማድረቅ። ሻካራ ሶፍት ያበጠ ቆዳ ላይ እንደ ሞረድ ነው። በፈረቃ ውሃ ለሚኖር ሰፈር አንድ ጄሪካን ለዚህ መመደብ ቅንጦት አይደለም።

ኪንታሮቱ ሲነሣ ደግሞ ሳፋ። ለብ ያለ ውሃ፣ ክንድ የማያቃጥል፣ ጨው ሳይጨመርበት፣ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ቁጭ ማለት፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። "በዚህ ሙቀት ሙቅ ውሃ?" ትሉኛላችሁ። ለብታው የተኮማተረውን ጡንቻ ያፍታታል፤ ሕመሙ የሚቀንሰው በዚያ ነው። ድንገት ያበጠና የደነደነ እብጠት ከውጭ ከወጣ ግን በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ለአሥር ደቂቃ ያህል ያዙበት፤ በረዶውን እርቃኑን ቆዳ ላይ እንዳታሳርፉ። እንዲህ ያለው የረጋ ደም እብጠት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያስለቅሳል፣ ከዚያ እየቀለለ ይሄዳል። ሐኪም ዘንድ የሚኬድ ከሆነ በእነዚያ ቀናት ቢሆን ይሻላል፤ እብጠቱን በቀላል ቀዶ ማውጣት የሚጠቅመው ያኔ ነው። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ከአንድ ሳምንት በላይ አይቀባም፤ ቆዳ ያሳሳል። በመቀመጫ የሚገባው መድኃኒት ደግሞ በሰውነት ሙቀት እንዲቀልጥ ነው የተሠራው፤ ስለዚህ በቆርቆሮ ቤት መስኮት ላይ ወይም በሾፌር ደረት ኪስ ውስጥ ሲቆይ እንደ ቅቤ ይፈሳል። ሲለሰልስ ከነመጠቅለያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ነው፤ ይጠነክራል።

እዚህ ድረስ በሳቅ መጣን። የሚያስቆጣኝ ነገር የሚጀምረው የመብራት ምሰሶው ላይ ነው። "ኪንታሮት ያለ ቀዶ ሕክምና በአጭር ጊዜ" የሚል ወረቀት ያልተለጠፈበት ምሰሶ በከተማችን ፈልጉልኝ። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ስለረከሰ ብቻ አይመስለኝም፤ ስለሚያፍር ነው። ስልክ ይደውላል፣ ስሙን አይናገርም፣ ካርድ ክፍል ተሰልፎ "ምንህን ነው?" አይባልም። የሚቀባው ቅጠል ግን አንዳንዴ ሥጋ የሚበላ ነው። እብጠቱን አቃጥሎ ሲያረግፈው ሰውየው ዳነ ይባላል፤ ከወራት በኋላ ጠባሳው ይኮማተርና መውጫው ይጠባል። ቀዶ ሐኪሞች በሚገባ የሚያውቁት ጉዳት ነው፤ ከመጀመሪያው በሽታ ይልቅ ለማከም ይከብዳል።

እፍረቱ የኛ ብቻ አይደለም። ለንደን ውስጥ ፍሬድሪክ ሳልመን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1835 ለዚህ የሰውነት ክፍል ብቻ ሰባት አልጋ ያለው ሕክምና ቤት ለድሆች ከፈተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደራሲው ቻርልስ ዲከንስም እጁ ላይ ወድቋል። የፊንጢጣ ፊስቱላ ነበረበት። ዓመቱ 1841 ነው፤ ማደንዘዣ ገና ሥራ ላይ አልዋለም። ያንን አስቡና አሁን ያለውን ተመልከቱ። ለውስጠኛው ኪንታሮት እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የታወቀ ዘዴ አለ፤ በትንሽ መሣሪያ የላስቲክ ቀለበት ሥሩ ላይ ይታሰርበታል፣ ደም ሲቋረጥበት በሳምንት ገደማ ውስጥ ደርቆ ይወድቃል። ምላጭ የለም፣ ማደር የለም። የምሰሶው ወረቀት ቃል የሚገባውን "ያለ ቀዶ" ሕክምና ሐኪሞቹ ይዘውት ተቀምጠዋል። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ስታጽፉ ይህ ሕክምና የት እንደሚሰጥ ጠይቁ፤ ለኛ ሰፈር ጳውሎስም አለርትም ሩቅ አይደሉም። ምርመራው በግራ ጎን ተጋድሞ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሴት ሐኪም ወይም ወንድ ሐኪም ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም።

አንድ ነገር ግን ያለ ጨዋታ ልበል። ከሰገራ በኋላ የሚንጠባጠብ ደማቅ ቀይ ደም ብዙውን ጊዜ ኪንታሮት ነው፤ "ብዙውን ጊዜ" የሚለውን አስምሩበት። የጠቆረ ወይም ከሰገራው ጋር የተቀላቀለ ደም፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ሳምንታት የቆየ የድርቀትና የተቅማጥ መፈራረቅ፣ የማያቋርጥ ድካምና መገርጣት፣ በቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ካንሰር ካለ፣ ሳፋውንም ተልባውንም ትታችሁ ሂዱ። የትልቁ አንጀት ካንሰርም በደም ሊታይ ይችላል፤ "ኪንታሮቴ ነው" እየተባለ ዓመት ሲያልፍበት ታይቷል።

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ግን ስለ ቡና ነው፤ ልተወው ወይ? አትተዉት። ቡና በአንዳንድ ሰው ላይ በደቂቃዎች ውስጥ አንጀትን ያነቃንቃል፤ ጠዋት ከአቦል በኋላ ብድግ የሚሉ ሰዎችን ሁላችንም እናውቃለን። ስሜቱ ከመጣ ወሬው ቢጥምም አትያዙት፤ ተነሡና ሂዱ፣ ቶናው ይጠብቃል። ሲኒው አጠገብ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጡ፤ ባለ ጀበናዋ ለሱ አታስከፍልም።